ዝግጁ የተባለው ስልክ

ሰናይት ኩላሊቷ ሥራ ያቆመው ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ነው። ያኔ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ታጸዳ ነበር። መጀመሪያ እግሯ አበጠ፣ ቀጥሎ ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ቀኑን ሙሉ ስለምቆም ነው እያለች ችላ አለችው። አንድ ቀን ወንበር ስትወለውል ተዝለፍልፋ ወደቀች፣ ባልደረቦቿም ሐኪም ቤት አደረሷት። ሳታውቀው የኖረችው የደም ግፊት ሁለቱንም ኩላሊቶቿን ጨርሷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ፌኸንሃይም ካለው ቤቷ በትራም እየሄደች የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ክንዷ ላይ መርፌ ይሰካል፣ ደሟ በማሽኑ ዞሮ ተመልሶ ይገባል፣ ወደ ቤት ስትመለስ ከድካም ብዛት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ትተኛለች።

ከሞተ ሰው የሚወሰድ ኩላሊት ለመጠበቅ ተራ ተያዘላት። በሆስፒታሉ ጉዳዩን የምትከታተለው ፍራው ሊንድነር የምትባል ሴት ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ነገሩን ሳታለሳልስ ነገረቻት። ኩላሊት ሲገኝ ጊዜ የለም፤ ይደወላል። ካልተነሳ ተደጋግሞ ይደወላል። አሁንም ካልተነሳ ወደሚቀጥለው ሰው ይታለፋል። የሰናይት ደም ደግሞ አስቸጋሪ ነበር። ከዓመታት በፊት ጽንስ ወርዶባት ብዙ ደም ተሰጥቷት ስለነበር ሰውነቷ የብዙ ሰው ኩላሊት የማይቀበል ሆኗል። የሚስማማት ቶሎ እንደማይገኝ፣ ምናልባትም ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ ነገሯት።

ሰባት ዓመት ጠበቀች። ስልኳን ይዛ ትተኛለች፣ ገላዋን ስትታጠብ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች። የማታውቀው ቁጥር በታየ ቁጥር የያዘችውን ሁሉ ጥላ ታነሳዋለች፤ የኢንተርኔት ውል የሚሸጥ ሰው ይሆናል።

ባሏ አስራት ኦስትሃፈን ወደብ አጠገብ ባለ መጋዘን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። አዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ነበር፣ ዲፕሎማው ግን እዚህ አልተቆጠረለትም። ከሥራ ሲመለስ ራቱን በልቶ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል። ሥራዬ ብሎ የያዘው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ያለ ደመወዝ የሚሠሩትን የስልክ ሲስተም ነበር። የፋብሪካውን ሲስተም ከስልኩ ላይ አጥፍቶ ይህን መጫን ይቻላል።

ወደዚህ ነገር ያስገባው ፊደል ነው። ያን ጊዜ ሰው እጅ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ስልኮች አማርኛ አያሳዩም ነበር። ከአገር ቤት የመጣ መልእክት ሲከፈት የሚታየው በተርታ የተደረደረ ባዶ ሳጥን ነው። አስራት ለስልክ አምራቾች ደጋግሞ ጻፈ፣ አንዱም መልስ አልሰጠውም። ለበጎ ፈቃደኞቹ ሲጽፍ ግን በማግስቱ አንድ የማያውቀው ሰው፣ ፊደሉን ራስህ ጨምረህ ላክልን አለው። ጨምሮ ላከ። የሚቀጥለው አፕዴት ሲወጣ ፊደሉ በየአገሩ ይህ ሲስተም ባለበት ስልክ ሁሉ ላይ አብሮ ወጣ። ጀርመን ከገባ ጀምሮ የተማረ ሰው መሆኑ የተሰማው ያን ቀን ብቻ እንደሆነ ለሰናይት ነግሯታል። እሷም ስለተረዳችው ኮምፒውተሩ ላይ የሚያጠፋውን ሰዓት ነቅፋበት አታውቅም።

እሑድ እሑድ፣ የሚሄዱበት የኢትዮጵያውያን ጉባኤ በተከራየው አዳራሽ አምልኮው ሲያበቃ፣ ሰዎች ስልካቸውን ይዘው አስራትን ይከቡታል። የመጀመሪያው ሽማግሌው አቶ ዓባይነህ ነበሩ። አስራት ሲስተሙን ጭኖላቸው መዝሙረ ዳዊትን በአማርኛ ሲከፍትላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ። እርግጥ የአንዱ ካሜራ አልከፈት ይላል፣ የሌላው ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ የሌላው ማንቂያ ደወል ይዘላል። አስራት ለሁሉም መልስ ነበረው። ይህ የድሮው ላይ ነው፣ አዲሱ ላይ ተስተካክሏል፣ ወይም የሚቀጥለው ላይ ይስተካከላል። የሲስተሙን ድረ ገጽ ወደ አማርኛ የመለሰውም እሱ ነው። ገጹ አናት ላይ በትልልቅ ፊደል «ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ዝግጁ» ይላል።

አንድ ሌላ ጉድለትም ነበር፤ አስራት ራሱ ላይ ደርሶበት ያውቀዋል። ስልኩ ለረጅም ሰዓት ሳይነካ ሲቀመጥ አንዳንዴ ከኔትወርክ የሚያገናኘው ክፍል ተኝቶ ይቀራል። ሰው ሲደውል አይጠራም። የሚያስቸግረው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው የኔትወርክ ምልክት ሙሉ ሆኖ መታየቱ ነው። አንድ ቅዳሜ አለቃው ለትርፍ ሥራ ሲፈልገው ሳያገኘው ቀርቶ ሰኞ ዕለት ተቆጥቶታል። አስራት ስልኩን አጥፍቶ አበራው፤ ሠራ። የሲስተሙ ተጠቃሚዎች በኢንተርኔት በሚጻጻፉበት ፎረም ላይም ሌሎች ተመሳሳይ ነገር ጽፈው ነበር፤ መልሱም ሁሌ አጥፍታችሁ አብሩት የሚል ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ አፕዴት ወጣና ችግሩ ተፈታ ተባለ።

ሰናይትን፣ ስልክሽን በሌላ ቀይሬ ይህን ሲስተም ልጫንልሽ ያላት ከዚያ በኋላ ነው። ስልኳ አርጅቷል፣ ፋብሪካው አፕዴት መላክ ትቷል፣ አማርኛ አያሳይም። ደሴ ያለችው እናቷ የጎረቤት ልጅ እያስጻፈች የምትልክላት መልእክት ሁሉ ሳጥን ነው። እጥበት ላይ በምትተኛባቸው ሰዓታት ደግሞ የምታነበው ነገር እንዲኖራት ትመኝ ነበር።

ያን ቀን የሰናይት ታላቅ እህት ገነት ቤታቸው ነበረች። ገነት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ተንከባካቢ ናት፤ ከሕመምተኛ ጋር ስለምትውል ነገሩ አላማራትም። የሁሉንም ሰው ስልክ ነካካ፣ የሷን ግን ተወው አለችው። ማንበቢያ ከፈለገች ሌላ ስልክ ትያዝ፣ የሚደወልበት የድሮው ይሁን አለች። አስራት፣ አሮጌው ስልክ ባትሪው የሞተ መሆኑን፣ እሱ ነው የሚያስፈራው እንጂ አዲሱ እንዳልሆነ አስረዳ። ድምፁ ውስጥ ግን ቅሬታ ነበር። እዚያ መጋዘን ውስጥ ማንም የምታውቀው ምንድን ነው ብሎ ጠይቆት አያውቅም፤ አሁን ደግሞ በገዛ ቤቱ የሚያውቀውን ነገር አታውቀውም መባሉ ነው የከነከነው።

ሰናይት ሁለቱንም ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ሲደውሉ ይጠራል?»

«ይጠራል» አላት።

ሲስተሙን አዲሱ ስልክ ላይ ጫነ፣ ሲም ካርዷንና መልእክቶቿን አዛወረላትና እዚያው ደወለላት። ጠራ። ገነት በራሷ ስልክ ደወለች። ጠራ። ሰናይት የእናቷን የቆዩ መልእክቶች ከፈተች፤ ሳጥኖቹ ፊደል ሆነው ወጡ። «ልጄ፣ ዛሬ ዝናብ ጣለ» የሚል ነበር አንደኛው፤ ከወራት በፊት የተላከ። ጮክ ብላ አነበበችውና ሳቀች። ገነትም ሳትወድ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ጥሩ ነበሩ። እጥበት ላይ ሳለች ታነባለች፣ በአንድ እጇ ለእናቷ ትጽፋለች። ነርሶቹ ፊደሉን እያዩ ይህ ምን ቋንቋ ነው ሲሏት፣ ስልኩ ውስጥ ያስገባው ባለቤቴ ነው ትላቸዋለች። አስራት ይህን ከገነት ነው የሰማው፤ ያን ዕለት ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

በፈረንጆቹ 2014 የፀደይ ወራት፣ እጥበት በሌለባት አንድ ቀን፣ ሰናይት ምሳዋን ቀማምሳ ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ማይን ወንዝ ዳር ወጣች። አስራት ሥራ ላይ ነበር፤ ስልኩ እንደ ሁልጊዜው የልብስ መቀየሪያው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ መጋዘኑ ውስጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሰናይት ወንዙ ዳር ካሉት አግዳሚዎች አንዱ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ጭኗ ላይ አደረገች። ጀልባዎቹን ስታይ ቆየች። አንድ ሁለቴ ሰዓት ለማየት ስክሪኑን አበራችው፤ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ያመለጠ ጥሪ የለም።

ወደ ቤት ስትመለስ ታች ቤት የሚኖሩት አሮጊት በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ሁለት ፖሊሶች መጥተው ሲፈልጓት እንደነበር፣ ደወሉን ደጋግመው ደውለው፣ የት እንደሄደች ጠይቀው እንደተመለሱ ነገሯት። ሰናይት ወዲያው ገባት። እዚያው ደረጃው ላይ ቆማ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች፤ ስልኩ እየደወለ ነው ይላል፣ ድምፅ ግን የለም። ዘጋችና ደገመች። አሮጊቷ ሁኔታዋን አይተው ወደ ቤታቸው አስገብተው የራሳቸውን ስልክ ሰጧት።

ፍራው ሊንድነር ናት ያነሳችው። ድምፅዋ የደከመ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሲደወል እንደዋለ፣ የባልየውም ስልክ እንዳልተነሳ፣ ሌላ መንገድ ሲያጡ ፖሊስ እንደላኩ ነገረቻት። ከዚያ በላይ መጠበቅ አልተቻለም። ሰናይት አሁን መምጣት እችላለሁ፣ ታክሲ ይዤ እመጣለሁ አለቻት።

«ፍራው ሰናይት» አለቻት ሴትዮዋ፣ «ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ሰውየው ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል።»

ቦታዋ እንዳልጠፋ፣ ተራዋ እንዳለ እንደሆነም ጨመረችላት። ሰናይት፣ በደንብ የሚስማማኝ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ አዎን፣ በጣም አለች።

አስራት ሲመጣ ሰናይት ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣለች። ስልኩ ፊት ለፊቷ ነው። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የሌላ ሰው ነገር እንደምታወራ ሆና ነገረችው። አስራት ጃኬቱን ሳያወልቅ ስልኩን አነሳና ከራሱ ስልክ ደወለ። ጆሮው ላይ ይጠራል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ዝም ብሏል። ምልክቱ ሙሉ ነው። አጥፍቶ ሊያበራው ጣቱን ቁልፉ ላይ ሲያደርግ እጁን ያዘችው።

«ይህን እንደሚያደርግ ታውቅ ነበር?»

«የድሮው ላይ ነበር። አዲሱ ላይ አስተካክለነዋል ብለው ጽፈው ነበር።»

«ስለ እነሱ አልጠየቅኩህም። አንተ ታውቅ ነበር ወይ?»

አስራት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አውቅ ነበር» አለ።

እጁን ለቀቀችው። «እኔ እኮ ሳጥኑን ለምጄው ነበር» አለች። «ማንበብ ባልችል እናቴን ደውዬ ምን ልከሽ ነው እላት ነበር። ትነግረኝ ነበር።»

በማግስቱ ገነት መጣች። አስራት እንድትሰድበው ጠብቆ ነበር፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ገነት ግን የእህቷን መድኃኒቶችና ልብሶች በሻንጣ ከታ፣ መንገድ ላይ ባለ አንድ ሱቅ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ገዝታላት፣ ግሪስሃይም ወዳለው ቤቷ ወሰደቻት። ሰናይት ስትወጣ ለጊዜው ነው አለችው። እስከ መቼ እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

ወሬው ጉባኤው ዘንድ ቶሎ ደረሰ። በሚቀጥለው እሑድ ሰዎች አስራትን እንደ ድሮው ከበቡት፤ አሁን ግን የድሮውን መልስልን የሚሉ ናቸው። የቻለውን መለሰ። አንዳንዶቹ ስልኮች የፋብሪካው ሲስተም ስላልተገኘላቸው እንዲሁ ቀሩ፤ ባለቤቶቻቸውም ፊታቸውን አጥቁረው ወሰዷቸው። አቶ ዓባይነህ የእሳቸውን አላመጡም። አስራት ሄዶ፣ «የእርስዎንም ልመልስልዎት» ሲላቸው ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ጨብጠው ያዙ። ለእኔ ማን ይደውልልኛል ብለህ ነው፣ እኔ የማነብበት ነው አሉት። ማጽናናታቸው ነበር፣ እሱን ግን አልቅስ አልቅስ አሰኘው።

የሆነውን ፎረሙ ላይ ጻፈው። ብዙዎች አዘኑለት። አንዱ የትኛው ስልክ፣ የትኛው አፕዴት እንደሆነ ጠይቆ የስልኩን ዝርዝር መረጃ እንዲልክ ነገረው። ሌላው ደግሞ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን፣ ምንም ዋስትና የለውም ተብሎ የተጻፈበትን ሲስተም በሕመምተኛ ስልክ ላይ የጫነ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው አለ። አስራት ይህን መልስ ደጋግሞ አነበበው። የአማርኛውን ገጽ ከፍቶ አናት ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር አጠፋው። እንግሊዝኛውና ጀርመንኛው ባሉበት ቀሩ።

ከዚያ ጉድለቱን መፈለግ ጀመረ። ቤቱ ባዶ ስለነበር ጊዜ ሞልቶታል። ስልኩን ከኔትወርክ የሚያገናኘው ቺፕ የውስጥ አሠራሩ የፋብሪካው ምስጢር ነው፤ በጎ ፈቃደኞቹ ከውጭ ሆነው በግምት ነው የሚያዙት። አስራት አሮጌ ስልኮች ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፣ ያስተኛቸዋል፣ ይደውልላቸዋል፣ ያልጠራውን ይመረምራል። ከሳ፤ መጋዘን ውስጥ አንድ መደርደሪያ ገጭቶ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። በመጨረሻ በአውሮፓው በጋ አገኘው። ቺፑ እንዲነቃ ሲታዘዝ ሲስተሙ መልስ ይጠብቃል፤ መልሱ አንዳንዴ ሳይመጣ ይቀራል፤ ሲስተሙም የመጨረሻውን ምልክት ስክሪኑ ላይ እንዳሳየ ዝም ብሎ ሲጠብቅ ይኖራል። እርማቱ ጥቂት መስመር ነበር። ላከው፣ ተቀበሉት፣ በአዲሱ አፕዴት ወጣ። ከፖላንድ አንድ ሾፌር፣ ከብራዚል አንዲት አዋላጅ ምስጋና ጻፉለት። ከአዳማ አንድ የማያውቀው ሰው በአማርኛ፣ «አሁን ይጠራል ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ» አለው።

ይህን ሊነግራት እጥበት ወደምታደርግበት ቦታ ሄደ። ሰናይት ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች፣ ደሟ በቱቦው ይሄዳል። ነቅታ ስታየው እንዲቀመጥ በዓይኗ አመለከተችው። ነገራት። ስትሰማው ቆይታ፣ ብዙ ነው ወይ ያስተካከልከው አለችው። ትንሽ ነው አላት።

«ትንሽ ከሆነ እስከዛሬ ለምን አላዩትም?»

አስራት አሰበ። «ሁሉም አጥፍቶ ያበራውና ይሠራለታል። ከዚያ ይረሳዋል። ካመለጠው ጥሪ የተነሳ የከፋ ነገር የደረሰበት አልነበረም።»

ሰናይት ነርሷን ጠርታ በርዶኛል አለቻት። አስራት ብርድ ልብሱን ተቀብሎ እግሯን ሸፈነላት፤ አልከለከለችውም።

በመከር ወራት ሪድበርግ ባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የነጻ ሲስተም ደጋፊዎች ስብሰባ ጠሩ። ጉድለቱን ያገኘው ሰው ብለው አስራትንም ከተናጋሪዎቹ ጋር መድረክ ላይ አስቀመጡት። ስብሰባው የሚነጋገረው ይህ ሲስተም ለተራው ሰው ደርሷል ወይስ አልደረሰም በሚለው ላይ ነበር። ከፊቱ የተናገሩት ሁሉ ደርሷል አሉ። አስራት ስለ ቺፑ የተጠየቀውን በተሰባበረ ጀርመንኛ አስረዳ፣ ተጨበጨበለት። ከዚያ ከአዳራሹ መካከል አንድ ጡረተኛ ተነሱ። ሚስታቸው የልብ ሕመምተኛ እንደሆነች፣ ትልልቆቹ ድርጅቶች ስልኳን እንዲሰልሉት እንደማይፈልጉ፣ ይህን ቢጭኑላት ይሻል እንደሆነ ጠየቁ። ወደ አስራት ነበር የሚያዩት።

«አይጫኑላት» አላቸው። «ያለውን ይተዉላት።»

ሰውየው፣ ስህተቱ ተስተካክሏል ብላችሁ ነገራችሁን አይደል ወይ አሉ። አስራት፣ ይህኛው ተስተካክሏል፣ የሚቀጥለውን ገና አላየነውም አለ። ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን ወስዶ፣ ወዳጃችን ጠንቃቃ ሰው ነው፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ስላሉን ነው ሲስተማችን አስተማማኝ የሆነው ብሎ ሳቀ። ሰዎችም ሳቁ። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታለፈ። አስራት ሰውየውን በዓይኑ ሲፈልግ፣ መውጫው ጋ ካሉት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ሲስተሙ የሚጫንበትን መመሪያ ሲሰጣቸው፣ እሳቸውም አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱት አየ።

ስብሰባው ሳያልቅ ወጣ። ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሞ ለሰናይት ደወለላት። ወዲያው ነው ያነሳችው፣ «ሃሎ» ያለችው በጀርመንኛ ነው፣ ትንፋሿ ተቆራርጧል። እሱ መሆኑን ስታውቅ ድምፅዋ ወረደ። ሽማግሌው የጠየቁትን፣ እሱም አይጫኑላት ማለቱን ነገራት። ለመንገር የፈለገው ሌላም ነበር፣ ግን ከየት እንደሚጀምረው አላወቀም።

«ደግ አደረግክ» አለችው። ከዚያም ሳትቆጣ፣ ልጅን እንደሚያባብሉ ዓይነት ቀስ ብላ፣ «አሁን ግን ዝጋው አስራት። መስመሩን አትያዝብኝ» አለችው።

ዘጋው። ወደ ከተማ የሚሄደው ባቡር መጣ፣ በሮቹ ተከፈቱ፣ ሰው ወርዶ ሰው ገባ። እሱ ስልኩን በእጁ ይዞ የሚቀጥለው እስኪመጣ እዚያው ቆመ።